ስለ ልጅነት መጻሕፍትና ስለ ናፍቆት ምስክርነት

የዕድሜ እኩዮቼ በተሰበሰቡበት ሁሉ የማይቀር አንድ ክስ አለ። ተከሳሾቹ እናንተ ወጣቶቹ ናችሁ። «የዛሬ ልጅ አያነብም፤ እኛ ግን በልጅነታችን መጽሐፍ ከእጃችን አይለይም ነበር፤ የምናነበውም ንጹሕ መጽሐፍ ነበር» ይባላል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ሴቶች በተገኘንበት ጉባኤ ደግሞ ለዚህ ክስ የምትጠራው ምስክር ብዙ ጊዜ አንዲት ናት፤ እርስዋም ናንሲ ድሩ የምትባለው አሜሪካዊት ልጃገረድ፥ ምሥጢር መርማሪዋ ናት። ስሟ በተነሣ ጊዜ የአሮጊቶቹ ፊት ሁሉ ይበራል፤ ወዲያውም ወደ ልጅ ልጆቻቸው ዞረው መውቀስ ይጀምራሉ።

እኔ ዕድሜዬ ከስድሳ ያለፈ፥ ብዙ ዘመን በመምህርነት ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ፤ እነዚያንም መጻሕፍት እያነበብሁ አድጌአለሁ። ስለዚህ ክሱን የምቃወመው ከውጭ ሆኜ ሳይሆን ከከሳሾቹ ወንበር ላይ ተነሥቼ ነው። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ናፍቆት የልብ ነገር ነውና አልነቅፈውም። ነገር ግን ናፍቆት ምስክር ሆኖ ቀርቦ በሌላው ላይ የሚያስፈርድ ሲሆን ቃሉ ሊመረመር ይገባል። ናንሲ ድሩ ራሷ ብትሆን ሳትመረምር አታልፈውም ነበር።

አስቀድሜ ልጅቱን ለማያውቃት ላስተዋውቅ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ናንሲ ሪቨር ሃይትስ በምትባል በልብ ወለድ ከተማ የምትኖር፥ እናቷ የሞተችባት፥ የጠበቃ ልጅ ናት። ሰማያዊ አውቶሞቢል አላት፤ የእጅ ባትሪ አላት፤ «ይህ የሴት ልጅ ጉዳይ አይደለም» የሚላት ቢመጣም አትሰማውም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት መጻሕፍት በ1930 በሚያዝያ ወር መጨረሻ በአንድ ቀን ታትመው ወጡ፤ የአንዱ ዋጋ 50 ሳንቲም ነበር። ከሦስቱ በፊተኛው፥ «የአሮጌው ሰዓት ምሥጢር» በሚባለው፥ አንድ ሽማግሌ ይሞትና ንብረቱን ቶፓም የሚባሉ ትዕቢተኞች ባለጠጎች ሊወርሱት ይነሣሉ። ሟቹ ሌላ ኑዛዜ እንደ ነበረው ስለ ተወራ ናንሲ ያንን ኑዛዜ ፍለጋ ትወጣለች፤ ፍንጩን በአንድ አሮጌ ሰዓት ውስጥ ታገኛለች፤ በመጨረሻም ውርሱ ለሚገባቸው ለችግረኞቹ ይደርሳል።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያዊት ልጅ ባዕድ አልነበረም። ስለ ተሰወረ ኑዛዜ፥ ስለ ተካደ ውርስ፥ በእርስት ስለ ተጣሉ ወንድማማቾች ሳይሰማ ያደገ ልጅ በአገራችን አለን? ባዕድ የሆነብን ሌላው ነገር ነው። የናንሲ አባት ማዕድ ላይ ተቀምጦ ስለ ያዘው ጉዳይ ለልጁ ይነግራታል፤ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎም ይጠይቃታል። በእኛ ቤት ስለ ውርስ በሚነገርበት ጊዜ ሴት ልጅ የምትገባው የእጅ ማስታጠቢያ ይዛ ነበር፤ ታስታጥብና ትወጣለች። እንግዲህ ያች ልጅ ማታ በአዳሪ ቤቱ አልጋ ላይ ሆና ያን ገጽ ስታነብ ምን እንደሚሰማት እናንተው ገምቱት።

መጻሕፍቱ ወደ እኛ የሚመጡት ከአሜሪካ በሣጥን፥ ከሰልባጅ ልብስ ጋር ተደባልቀው ነበር። ስለዚህ አንደኛውና አራተኛው ሲገኝ ሁለተኛው አይገኝም፤ የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች የጐደሉትም ብዙ ነበሩ። ቅጠሉ የጐደለ ጊዜ ሌባው ማን እንደ ሆነ ራሳችን ወስነን እስከ መኰራረፍ እንከራከራለን። ከእነዚያ መጻሕፍት ካገኘሁት ትምህርት ሁሉ ይህን ክርክር አስበልጣለሁ፤ እርሱ ደግሞ የደራሲዋ ስጦታ አልነበረም፥ የአይጥና የምስጥ ነው እንጂ።

መጻሕፍቱን የሚንቅ ሰው ይህን ጽሑፍ ደጋፊው አድርጎ እንዳይጠራው ይህን መናገር ነበረብኝ። እንዲህ ያሉትን ተከታታይ መጻሕፍት የሚንቁ ጥንትም ነበሩ። የአሜሪካ ቦይ ስካውት ዋና የመጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ፍራንክሊን ማቲውስ በ1914 በጻፈው መጣጥፍ ርካሽ ተከታታይ መጻሕፍት የልጆችን አእምሮ ያፈነዳሉ ብሎ ነበር፤ ብዙ ቤተ መጻሕፍትም ለረጅም ዘመን በመደርደሪያቸው ላይ ቦታ ነሥተዋቸዋል። አእምሮዬ ግን አልፈነዳም። ጠቤ ከመጽሐፉ ጋር ሳይሆን መጽሐፉን ዱላ አድርገው ከሚያነሡት ጋር ነው።

እንግዲህ ወደ ምስክርነቱ ልግባ። «ያ የድሮው፥ ያልተነካው መጽሐፍ!» ይላሉ። የትኛው? መጻሕፍቱን የሚያዘጋጀው ድርጅት ባለቤት የነበረችው ሃሪየት አዳምስ ከ1959 ጀምሮ የቀድሞዎቹን 34 መጻሕፍት አንድ በአንድ እንደ ገና አስጽፋለች፥ ራሷም ጽፋለች። ሀያ አምስት የነበረው ምዕራፍ ሀያ ሆነ፤ የናንሲ ዕድሜ ከ16 ወደ 18 ከፍ አለ፤ አንዳንዱ መጽሐፍ ስሙ ብቻ ቀርቶለት ታሪኩ ጭራሽ ተለወጠ። «የአሮጌው ሰዓት ምሥጢር» እንደ ገና የተጻፈው በዚያው በ1959 ነው። የዘመኔ ሴቶች በናፍቆት የሚያስታውሱት ጀርባው ቢጫ የሆነው መጽሐፍ ይኸው የታረመው ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ያልተነካ የሚሉት መጽሐፍ እነርሱ ሳይወለዱ የተነካ ነው። ስለ ዛሬ ልጆችና ስለ ዛሬ መጻሕፍት የሚፈርደው ይህ ትዝታ በእጁ ይዞት የነበረውን መጽሐፍ እንኳ ለይቶ አያውቅም።

መጽሐፉ ለምን ታረመ? ከምክንያቶቹ አንዱ እኛን በቀጥታ የሚመለከት ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ።

በ1930 በታተመው መጽሐፍ ውስጥ ጄፍ ታከር የሚባል ሰው አለ። የቶፓሞችን የሐይቅ ዳር ቤት የሚጠብቅ ጥቁር ሰው ነው። ሌቦቹ መጠጥ አጠጥተው ያታልሉታል፤ አነጋገሩም አንባቢው እንዲስቅበት ተብሎ እንግሊዝኛው እንዲሰባበር ሆኖ ተጽፏል፤ ናንሲም እንደ ልጅ ትገሥጸዋለች። በ1959ኙ መጽሐፍ ጄፍ ታከር አሁንም አለ፤ ስሙም ሥራውም ያው ነው፤ ነገር ግን ነጭ ሆኗል፥ ሰካራምም አይደለም። ልብ በሉ! ጥቁሩን ሰው ከስካሩ አላቀቁት፥ አንደበቱንም አላቃኑለትም፥ ክብሩንም አልመለሱለትም፤ ከመጽሐፉ አስወጡት እንጂ። ስድቡን ለማጥፋት ተሰዳቢውን አጠፉት። በሌሎቹም መጻሕፍት እንደዚሁ ተደርጓል። አሳታሚው በዚህ ነቀፋን አስወገደ፤ ዋጋ የከፈለው ግን ሌላ ነው።

ከ1991 ጀምሮ አንድ ሌላ አሳታሚ የ1930ዎቹን መጻሕፍት በጥንት መልካቸው፥ ከነቃላቸው እያተመ ማቅረብ ጀመረ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት አብሮ አደጌ ከእነዚህ አንዱን ገዝታ በዋሽንግተን አጠገብ ለምትኖረው የልጅ ልጇ ላከችላት። ልጅቱ ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ከአዲስ አበባ የሄዱ ወላጆች እዚያው የወለዷት ናት። አንብባ ከጄፍ ታከር ዘንድ በደረሰች ጊዜ ለአያቷ ስልክ ደውላ «እማማ፥ ይህ ሰው እንደ እኛ ጥቁር ነው። ለምን እንዲህ ያናግሩታል?» ብላ ጠየቀቻት። አያትዮዋም «የዘመኑ አነጋገር ነው ልጄ፥ ዝለዪውና ቀጥዪ፤ መጽሐፉ እኮ ደስ ይላል» አለቻት። ልጅቱ ግን አልዘለለችውም። «ሌቦቹ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈውባት ሳለ ከፍቶ ያወጣት እኮ እርሱ ነው፤ ታዲያ እርስዋ ለምን ትቈጣዋለች?» አለች።

ጓደኛዬ ይህን የነገረችኝ የዛሬ ልጅ ስጦታ እንኳ አክብሮ መቀበል አያውቅም ለማለት ነበር። ልጅቱ አክብራ ተቀብላለች አልኋት። መርማሪ ማለት ሌላው ሳያየው ያለፈውን የሚያይ ነው፤ ያን መጽሐፍ ከከፈቱት ሁሉ ይልቅ መርማሪዋን የመሰለችው ይህች ልጅ ናት። አዳኙ ማን ነው፥ የተወቀሰውስ ማን ነው ብላ ሁለቱን አስተያየቻቸው። «ዝለዪው» የሚል ምክር ግን ከናንሲ ድሩ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ጓደኛዬ እስከ ዛሬ በዚህ ነገር ቅር ትሰኝብኛለች፤ ይህንንም ጽሑፍ ካነበበች ቅሬታዋ መጨመሩ አይቀርም።

ስለ ደራሲዋም ያው ነው። በሽፋኑ ላይ ካሮሊን ኪን የሚል ስም አለ፤ የዘመኔ ሰዎችም እንደ አክስታቸው በፍቅር ያነሡታል። ካሮሊን ኪን የምትባል ሴት አልኖረችም። ኤድዋርድ ስትራተማየር የሚባል ሰው የመጻሕፍት ፋብሪካ ቢባል የማያሳፍር ድርጅት አቋቁሞ ነበር። ታሪኩን በጥቂት ገጽ ይነድፋል፤ ነዳፊው ለተቀጣሪ ጸሐፊ ይሰጣል፤ ጸሐፊው በጥቂት ሳምንት ውስጥ መጽሐፍ አድርጎ ይመልሳል፤ ቁርጥ ዋጋ ይቀበልና መብቱን ሁሉ በፊርማ ያስረክባል፤ በሽፋኑ ላይ የሚወጣው ስም የድርጅቱ ንብረት ነው። በእኛ አገር ፈታይዋ ትፈትላለች፥ ሸማኔው ይሠራል፥ ስሙ የሚጠራው ግን የነጋዴው ነው፤ ይህም እንደዚያው መሆኑ ነው። ስትራተማየር ናንሲ ድሩን አስቦ መጻሕፍቱ ከወጡ በኋላ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ሞተ፤ ድርጅቱም ወደ ልጆቹ ተላለፈ፤ ሃሪየት አዳምስ አንዷ ናት።

ከመጀመሪያዎቹ 30 መጻሕፍት 23ቱን የጻፈችው ሚልድሬድ ዊርት ቤንሰን ናት። በ1905 አዮዋ በሚባለው የገበሬ አገር፥ ላዶራ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች፤ በ1927 ከአዮዋ ዩኒቨርሲቲ በጋዜጠኝነት የማስተርስ ዲግሪ በመቀበል የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ለአንድ መጽሐፍ 125 ዶላር ይከፈላት ነበር። በኢኮኖሚው ድቀት ዘመን ዋጋው ወደ 75 ዶላር ዝቅ ባለ ጊዜ አልጽፍም ብላ ስለ ተወችው ስምንተኛውን፥ ዘጠነኛውንና ዐሥረኛውን ዋልተር ካሪግ የሚባል ወንድ ጻፈ። (ስለዚህ ሴቶቹ በፍቅር የሚያነሧት ካሮሊን ኪን ለሦስት መጽሐፍ ያህል ጢም ሊኖራት ይችል ነበር።) መጻሕፍቱ በሚሊዮን ሲሸጡ ሚልድሬድ ከተቈረጠላት በላይ አላገኘችም፤ ስሟንም የሚያውቅ ጥቂት ነበር። በ1980 አሳታሚዎቹ እርስ በርሳቸው ተካሰው በኒው ዮርክ ፍርድ ቤት በቀረቡ ጊዜ በምስክርነት ተጠርታ የጻፈችው እርስዋ መሆኗ በይፋ ታወቀ። በ1993 የተማረችበት ዩኒቨርሲቲ ስለ ናንሲ ድሩ ጉባኤ አድርጎ አከበራት። በ2002 በ96 ዓመቷ እስክትሞት ድረስ በቶሌዶ ከተማ ለጋዜጣ ትጽፍ ነበር።

ሃሪየት አዳምስም ሥራ ፈት አልነበረችም፤ ድርጅቱን ሃምሳ ዓመት ያህል መርታለች፥ ንድፉን አውጥታለች፥ በኋላም ብዙዎቹን መጻሕፍት ራሷ ጽፋለች። ሚልድሬድም ውሉን የፈረመችው ተገድዳ አይደለም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን የተሰወረ ኑዛዜ ፈልጋ መብትን ለባለ መብቱ የምትመልሰውን ልጃገረድ በብዕሯ ያቆመችው ሴት የራሷን መብትና ስም በወረቀት አስረክባ ሃምሳ ዓመት መቀመጧን ያላወቀ ናፍቆት፥ ከመጽሐፉ ምን ተማርሁ ሊል ነው? ለዚያች ሴት ከጓዳ የሚያወጣት ናንሲ አልተገኘላትም ነበር፤ ሁለት ነጋዴዎች ስለ ተጣሉ ብቻ ወጣች።

«ዘመኑ ንጹሕ ነበር» የሚለውንም እሰማለሁ። እኔ በ1973 የዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ልጅ ነበርሁ። በዚያ ዓመት በወሎ ሕዝብ በረሃብ ያልቅ ነበር፤ መንግሥትም ነገሩ እንዳይታወቅ ይሸሽገው ነበር፤ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት ወር በቴሌቪዥን ባሳየው ፊልም ለዓለም ተገለጠ። በአዳሪ ቤታችን በባትሪ ብርሃን የሩቅ አገር ኑዛዜ ሲፈለግ ትልቁ ምሥጢር በራሳችን አገር መንገድ ዳር ወድቆ ነበር። ይህን የምለው ልጆች ነበርንና በልጆቹ ለመፍረድ አይደለም። ዛሬ ስድሳ ዓመት አልፎት ያንን ዘመን «ንጹሕ» የሚለው ሰው ግን ልጅ አይደለም።

«እኛ እናነብ ነበር» የሚለውስ? እኛ ማን ነን? በዚያ ዘመን አብዛኛው የኢትዮጵያ ሕዝብ ፊደል አልቈጠረም ነበር፤ ታላቁ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በ1979 ነው። በሚሲዮን አዳሪ ቤት የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ የሚያነብ ልጅ ከስንት ሺህ አንድ ነበር። የራሴ የእናቴ ታናሽ እኅት ከእኔ በሁለት ዓመት ብቻ የምትበልጥ ስትሆን ውሃ ትቀዳ ነበር እንጂ መጽሐፍ አልያዘችም፤ ከእኔ ያነሰ አእምሮ ስላላት አይደለም። ስለዚህ ከሺህ አንዷን የዚያን ዘመን ልጅ ከዛሬው ልጅ ሁሉ ጋር አወዳድሮ «አያነብም» ብሎ መፍረድ ሚዛኑን በጣት ተጭኖ እንደሚሸጥ ሸቃጭ መሆን ነው። እኔ በመምህርነቴ የመጨረሻ ዓመታት ያስተማርኋቸው ልጆች በስልካቸው ላይ የሚያነቡትን ሁሉ አልወደውም፤ ብዙው ገለባ ነው። የእኛም ሣጥን ገለባ ነበረበት፤ ገለባውን ነፋስ ስለ ወሰደው ረሳነው።

አሁን ደግሞ ለእናንተ ለወጣቶቹ፥ በተለይ መተርጐም ለሚሞክረው ሰው፥ አንድ ጉዳይ ልንገር። በአሜሪካ ሕግ በ1930 የታተመ መጽሐፍ ባለቤትነቱ የሚጠበቀው ለ95 ዓመት፥ እስከ 2025 ፍጻሜ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ በዚያ አገር ማንም ያለ ፈቃድ ሊያትመው፥ ሊተረጕመውም ይችላል። የ1959ኙ የታረመው ግን ገና የባለቤቱ ነው። ይህም ማለት በነጻ የሚገኘው ናንሲ ድሩ ጄፍ ታከር ጥቁርና ሰካራም የሆነበት ነው። ወደ አማርኛ ሊመልሰው የሚነሣ ሰው ያች የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ያቆመችበት ገጽ ላይ መቆሙ አይቀርም።

ያን ጊዜ ሁለት ዓይነት መካሪ ይመጣበታል። አንደኛው «ገጹን ዝለለው፥ የአማርኛ አንባቢ አያውቀውም» ይለዋል፤ ሁለተኛው «እንዲህ ያለ መጽሐፍ ለምን ይተረጐማል፥ ተወው» ይለዋል። ሁለቱንም አይስማ። ገጹን ከነስድቡ ይተርጕም፤ የጄፍ ታከርን አነጋገር ግን የአንድን የእኛን ጠቅላይ ግዛት ሰዎች አማርኛ በማስመሰል አይጻፈው፤ ይህ ፈተና ሳይታሰብ ይመጣልና ከወዲሁ ይጠንቀቅ፤ ከሌላ አገር ስድብ እኛ ቤት አዲስ ስድብ ሊወለድ አይገባውም። በመቅድሙም ሰውዬው በ1959 ምን እንደ ደረሰበት ሳይሸሽግ ይናገር። በሽፋኑ ላይ ካሮሊን ኪን ከሚለው ሥር ሚልድሬድ ዊርት ቤንሰን ብሎ ይጻፍ፤ ፊደሉንም አያሳንሰው።

በእኔ ዘንድ የ1930ውም የ1959ኙም ቅጂ አለ። ላነባቸው ለሚፈልግ ተማሪ አውሳለሁ። «ቀጭኑን ብቻ ይስጡኝ» የሚሉ አሉ፤ የማውሰው ግን ሁለቱን አንድ ላይ ነው።